አውቶቡሱ ቤት ሲሆን፦ በአሜሪካ ረጅም መንገድ ከመውጣት በፊት ማወቅ የሚገባን

አሜሪካ የሚኖሩ ልጆች ወይም ዘመዶች «ኑ፣ ቤት በሆነ አውቶቡስ አሳፍረን አገሩን እናሳያችሁ» ብለው ሲጋብዙ ወላጅ ደስ ይለዋል። አልጋው፣ ወጥ ቤቱ፣ መታጠቢያውና ሽንት ቤቱ አብሮ የሚሄድበት ጉዞ ለእድሜ ባለጸጋ የተመቸ ይመስላል፤ በብዙ ነገርም የተመቸ ነው። ሆኖም ከወላጅ የሚጠበቀው «እሺ» ማለት ብቻ አይደለም። አንዳንዴ ለኪራዩ ገንዘብ ማዋጣት፣ አንዳንዴም በማያነቡት ቋንቋ በተጻፈ ውል ላይ መፈረም ይከተላል። መንገዱም ከቴል አቪቭ ኢላት ደርሶ እንደመመለስ አይደለም። ስለዚህ የአውቶቡስ ቤት ምን እንደሆነ፣ ምን ያህል ገንዘብ እንደሚበላ፣ ማን ሊነዳው እንደሚችል፣ ለአዛውንት ጤናም ምን ጥንቃቄ እንደሚያስፈልግ በቅደም ተከተል እናያለን።

ካራቫን ሌላ፣ የአውቶቡስ ቤት ሌላ

በእኛ ማኅበረሰብ «ካራቫን» የሚለው ቃል ሲነሳ የብዙዎቻችን ሐሳብ የሚሄደው በ1991 ከሰለሞን ዘመቻ (ሚቭጻ ሽሎሞ) በኋላ ወደ ኖርንባቸው የካራቫን ሰፈሮች ነው፤ ወደ ጊቫት ሃማቶስ፣ ወደ ነሐል ቤካ፣ ወደ ሐጽሮት ያሳፍ። ያ ካራቫን ቆሞ የሚኖር ቤት ነበር። ዛሬ የምንናገርለት ግን የራሱ ሞተርና መሪ ያለው፣ የሚነዳ ቤት ነው።

የሚነዱ ቤቶች በመጠን ይለያያሉ። ትንሹ ከእቃ መጫኛ ቫን የተሠራ ነው። መካከለኛው በቀላል የጭነት መኪና ላይ ክፍል የተገጠመለት፣ ርዝመቱ ከ7 እስከ 9 ሜትር የሚሆን ሲሆን፣ በአሜሪካ ኪራይ ቤቶች በብዛት የሚገኘውም ይህ ነው። ትልቁና ውዱ ደግሞ የረጅም መንገድ አውቶቡስ አካል ተወስዶ ውስጡ በሙሉ እንደ ቤት የተሠራለት ነው። እኛ «የአውቶቡስ ቤት» የምንለው ይህን የመጨረሻውን ነው።

በሰሜን አሜሪካ ለዚህ ሥራ በጣም የታወቀው አውቶቡስ በካናዳ፣ በኩቤክ ግዛት የሚሠራው ፕሬቮ ነው። መሥራቹ ዩጂን ፕሬቮ የቤተ ክርስቲያን ወንበርና የትምህርት ቤት እቃ የሚሠራ አናጢ ነበር። በ1924 ለአንድ የጭነት መኪና የአውቶቡስ አካል እንዲሠራ ተጠየቀና ሥራው ከዚያ ጀመረ። ኩባንያው ዛሬ የቮልቮ ነው። ፋብሪካው ወንበርና መስኮት ያልተሟላለትን ባዶ አውቶቡስ ለሌሎች ኩባንያዎች ይሸጣል፤ ለምሳሌ በኦሬገን ግዛት ለሚገኘው ማራቶን ኮች። እነሱ ደግሞ አልጋውን፣ ወጥ ቤቱን፣ የውኃና የኤሌክትሪክ መስመሩን ሠርተው ለገዢ ያስረክባሉ።

ሀብታም ያልሆኑ ሰዎችም ይህን ሥራ ከጥንት ጀምሮ ሠርተውታል። ጀነራል ሞተርስ ከ1954 እስከ 1956 ለግሬይሀውንድ የሠራቸው 1,001 ሲኒክሩዘር አውቶቡሶች ከአገልግሎት ሲወጡ ብዙዎቹ በግለሰቦች እጅ ቤት ሆነዋል። የድሮ የተማሪ አውቶቡስ ገዝተው በራሳቸው እጅ የሚሠሩም አሉ። ስለዚህ «አውቶቡስ አለን» ሲባል በመጀመሪያ የሚጠየቀው ጥያቄ «ስንት ዓመቱ ነው? ማን ሠራው?» የሚል ነው።

ውስጡ እንዴት ይሠራል?

ትልቁ የአውቶቡስ ቤት 13 ሜትር ከ70 ያህል ርዝመትና 2 ሜትር ከ60 ያህል ስፋት አለው። ሲጫን ክብደቱ እስከ 24 ቶን ገደማ ይደርሳል። ሲቆም ደግሞ የግድግዳው ከፊል ወደ ውጭ እየተገፋ ክፍሉን የሚያሰፋለት ዓይነት አለ።

ውኃው በሦስት ታንክ ይከፈላል። አንዱ የንጹሕ ውኃ፣ ሁለተኛው የመታጠቢያና የእቃ ማጠቢያ እጣቢ፣ ሦስተኛው የሽንት ቤት ነው። እጣቢውና የሽንት ቤቱ ታንክ ሲሞሉ የሚደፉት በተፈቀደው ቦታ ብቻ፣ በወፍራም ቱቦ ነው። ሜዳ ላይ መድፋት ወንጀል ነው፣ ቅጣትም አለው። ስድስት ሰው የተሳፈረበት ቤት እንደ ከተማ ቤት ውኃ ሲያፈስ ቢውል ታንኩ በሁለትና በሦስት ቀን ይሞላል። ስለዚህ ገላ መታጠብ አጠር ይላል፤ ውኃ እየተዘጋ ሳሙና ይመታል።

ኤሌክትሪክ ከሦስት ቦታ ይመጣል። በማረፊያ ሰፈር ሲቆም በወፍራም ገመድ ከመሬት ይወስዳል። ሰፈር በሌለበት ቦታ በናፍጣ የሚሠራ ጀነሬተር አለው። ጀነሬተሩ ሲጠፋ መብራቱንና ማቀዝቀዣውን ባትሪዎች ይይዙታል። የአየር ማቀዝቀዣ (ማዝጋን) ግን ባትሪን ቶሎ ይጨርሳል። በአሪዞና በረሃ በሐምሌ ወር ያለ ጀነሬተር ወይም ያለ መሬት መስመር ማደር ለአዛውንት አደገኛ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ሳይነገር አይታለፍም። ከጀነሬተር የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባል ጋዝ ሽታም ቀለምም የለውም፤ የተኛን ሰው ሳይነቃ ይገድላል። ቤቱ ውስጥ የዚህ ጋዝ መጠቆሚያና የጭስ መጠቆሚያ መኖሩን፣ ቁልፉ ሲጫን መጮሁን በመጀመሪያው ቀን ይፈትሹ። ካልጮኸ በዚያ ቤት አይደር።

ገንዘቡ የት ይሄዳል?

አዲስ የፕሬቮ ቤት ከ2 ሚሊዮን ዶላር በላይ ይሸጣል። ያገለገለው በመቶ ሺዎች፣ በጣም አሮጌው ደግሞ በአሥር ሺዎች ዶላር ይገኛል። ርካሽ አሮጌ አውቶቡስ ግን ርካሽ ጥገና የለውም። ጎማው ብቻ ስምንት ነው፣ እያንዳንዱም የከባድ መኪና ጎማ ነው። ቢበላሽ የሚጎትተው ልዩ ከባድ መጎተቻ መኪና ነው፤ የሚጠገነውም በየመንደሩ ባለ ጋራዥ አይደለም።

አብዛኛው ቤተሰብ ስለሚከራይ የጉዞውን ወጪ በምሳሌ እናስላ። ከኒውዮርክ እስከ ሎስ አንጀለስ 4,500 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ከቴል አቪቭ እስከ ኢላት ያለውን መንገድ አሥራ ሦስት ጊዜ መሄድ ማለት ነው። ትልቅ የአውቶቡስ ቤት በአንድ ሊትር ናፍጣ 3 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሄዳል። ስለዚህ ለአንድ መሄጃ ብቻ 1,500 ሊትር ያህል ይፈልጋል። አንድ ሊትር አንድ ዶላር ነው ብለን ብናስብ 1,500 ዶላር ለናፍጣ ሄደ። በመንገድ ላይ 12 ሌሊት በማረፊያ ሰፈር ቢያድሩና ለአንድ ሌሊት 80 ዶላር ቢከፍሉ 960 ዶላር ይጨመራል። የኪራዩ፣ የኢንሹራንሱና የምግቡ ሒሳብ ገና አልተነካም፤ መመለሻም አልተቆጠረም።

ስለዚህ ሒሳቡን ከሌላ አማራጭ ጋር ማስተያየት ያስፈልጋል። ለአራት ወይም ለአምስት ሰው መካከለኛው፣ 8 ሜትር ያህል የሚሆነው የመኪና ቤት ብዙ ጊዜ ይበቃል። በአንድ ሊትር 4 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሄዳል፣ ለማቆምም ይቀላል። ሁለት ሰዎች ብቻ ከሆኑ ደግሞ ተራ መኪና ተከራይቶ በየመንገዱ በእንግዳ ማረፊያ ማደር ሊረክስ ይችላል። የአውቶቡስ ቤት ጥቅሙ የሚታየው ሰው ሲበዛ፣ ደረጃ መውጣት የማይችል ወይም ሽንት ቤት ቶሎ ቶሎ የሚፈልግ አዛውንት ሲኖር፣ ምግብም ከቤት የተሠራ ካልሆነ የማይበላ ሰው ሲኖር ነው። ወጥ ቤት አለ፤ ማቀዝቀዣው እንጀራ ይይዛል። በትልልቅ ከተሞች የካሽሩት ምግብ ይገኛል። በመካከል ግን ብዙ መቶ ኪሎ ሜትር የሚገዛ ነገር የሌለበት መንገድ ስላለ፣ ከከተማ ሳይወጡ መሸመት ይገባል። ሰንበት የሚያከብር ቤተሰብም ከዓርብ እስከ እሑድ ጠዋት የሚያድርበትን ሰፈር አስቀድሞ ያስይዝ። ዓርብ ከሰዓት ቦታ ፍለጋ መዞር ድካምም አደጋም ነው።

ማን ይነዳዋል?

በእስራኤል ተራው «ቤት» የመንጃ ፈቃድ (ሪሽዮን) የሚያስነዳው እስከ 3,500 ኪሎ ግራም የሆነና ከሹፌሩ ሌላ እስከ ስምንት ሰው የሚጭን መኪና ነው። ከ20 ቶን በላይ የሆነ አውቶቡስ ከዚህ በጣም ይርቃል።

በአሜሪካ ሕጉ በየግዛቱ ይለያያል። በብዙ ግዛት አንድ ሰው የራሱን ቤት ለራሱ ቤተሰብ ሲነዳ የንግድ መንጃ ፈቃድ አይጠየቅም። ይሁን እንጂ ካሊፎርኒያ ርዝመቱ ከ12 ሜትር ከ20 ለሚያልፍ የመኪና ቤት፣ ቴክሳስ ደግሞ ክብደቱ ከ11,800 ኪሎ ግራም ገደማ ለሚያልፍ ከተራው ከፍ ያለ ፈቃድ ነዋሪዎቻቸውን ይጠይቃሉ። ስለዚህ «እዚህ አገር ማንም ይነዳዋል» የሚል ወሬ አይበቃም። ከእስራኤል የሄደ ሰው የሚነዳ ከሆነ ኪራይ ቤቱም ኢንሹራንሱም የእርሱን ፈቃድ እንደሚቀበሉ በጽሑፍ ይጠይቅ። ዓለም አቀፍ መንጃ ፈቃድም ከእስራኤል ሳይወጣ ያውጣ። አደጋ ደርሶ «ሹፌሩ ፈቃድ አልነበረውም» ከተባለ ኢንሹራንሱ ላይከፍል ይችላል፣ ዕዳውም በፈረመው ሰው ላይ ይወድቃል። ትልቁ የአውቶቡስ ቤት ብዙውን ጊዜ የሚከራየው ከነሹፌሩ ነው። ያ ሲሆን የሹፌሩ አበል፣ ምግብና መኝታ በማን ወጪ እንደሆነ ውሉ ላይ ይጻፍ።

ለወጣቶችም አንድ ቃል። ከ2023 መጨረሻ ጀምሮ የእስራኤል ዜጎች በኢስታ ፈቃድ እስከ 90 ቀን አሜሪካ መቆየት ይችላሉ። ይህ ፈቃድ ለጉብኝት ነው፣ ለሥራ አይደለም። የሙዚቀኞችን አውቶቡስ ወይም የሀብታም ሰው የአውቶቡስ ቤት በክፍያ መንዳት ሥራ ነው። እንዲህ ያለ ሥራ የአሜሪካ የንግድ መንጃ ፈቃድና ሕጋዊ የሥራ ፈቃድ ይጠይቃል። «በጥሬ ገንዘብ እንከፍልሃለን፣ ማንም አያውቅም» የሚል ሥራ ወጣቱን ከአገር ሊያስወጣውና ወደፊት እንዳይገባ ሊያስከለክለው ይችላል። በአውቶቡስ መንዳት ኑሮውን ሊመሠርት የሚፈልግ ልጅ በእስራኤል «ዳሌት» ደረጃውን የመንጃ ፈቃድ ቢያወጣ ሕጋዊ ደመወዝና የጡረታ መብት ያለው ሥራ ያገኝበታል።

መንገድ ላይ

በአሜሪካ ተሳፋሪ በክፍያ የሚጭን አውቶቡስ ሹፌር 8 ሰዓት ካረፈ በኋላ ከ10 ሰዓት በላይ መንዳት በሕግ ይከለከላል። የቤተሰቡን ቤት የሚነዳ ልጅ ግን ይህ ሕግ አይቆጣጠረውም። ስለዚህ ወሰኑን ራሱ ቤተሰቡ ማበጀት አለበት። ልምድ ያላቸው የመኪና ቤት ተጓዦች ሦስት ሦስቶችን ይመክራሉ፦ በቀን ከ300 ማይል (480 ኪሎ ሜትር ያህል) አለመሄድ፣ ከሰዓት በኋላ ሦስት ሰዓት ሳያልፍ (በእኛ አቆጣጠር ዘጠኝ ሰዓት) ማረፊያ መድረስ፣ በአንድ ቦታ ሦስት ሌሊት ማደር። በዚህ ልክ ከተሄደ ኒውዮርክ–ሎስ አንጀለስ ዘጠኝ ተኩል የመንዳት ቀን ይፈጃል፤ ዕረፍቱ ሲጨመር ከሦስት ሳምንት በላይ ይሆናል። ልጁ የአሥር ቀን ፈቃድ ብቻ ካለው መንገዱን ማሳጠር እንጂ ሌሊት መንዳት መፍትሔ አይደለም።

ጎማ። አውቶቡስ ቤት ሆኖ ብዙ ወራት ስለሚቆም የጎማው ጥርስ ሳያልቅ ጎማው ያረጃል። በጎማው ጎን ላይ አራት ቁጥር ተጽፎ ይገኛል። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ሳምንቱን፣ የኋለኞቹ ሁለቱ ዓመቱን ይናገራሉ። ለምሳሌ 2316 ማለት በ2016 በ23ኛው ሳምንት የተሠራ ነው። ጥርሱ አዲስ ቢመስልም ሰባት ዓመት ገደማ ያለፈው ጎማ ይቀየር ብሎ መጠየቅ አግባብ ነው። ንፋሱም በየጠዋቱ ጎማው ሳይሞቅ ይለካል።

ቁልቁለት። የአውቶቡስ ፍሬን በአየር ግፊት ይሠራል። ሲነሳ ግፊቱ እስኪሞላ መጠበቅ ግድ ነው፤ በመንገድ ላይ ግፊቱ በጣም ቢወርድ ፍሬኑ ራሱ ይይዛል። በረጅም ቁልቁለት ፍሬንን ያለማቋረጥ መርገጥ ያግለዋል፣ የጋለ ፍሬን ደግሞ አይዝም። ከዴንቨር በስተምዕራብ ያለው 70 ቁጥር አውራ ጎዳና 3,400 ሜትር ያህል ከፍታ ባለው በአይዘንሃወር ዋሻ ያልፍና ከዚያ በቁልቁለት ይወርዳል። እንዲህ ባለ ቦታ ሹፌሩ ቁልቁለቱ ሳይጀምር ማርሽ ቀንሶ፣ በሞተሩ ወይም በማርሹ ማዘግያ እየያዘ በዝግታ ይወርዳል። ከኋላ የሚከተለው መኪና ጥሩምባ ቢነፋ ይንፋ።

ከፍታና ርዝመት። የአውቶቡስ ቤት ከጣሪያው እቃ ጋር ወደ 4 ሜትር ይጠጋል። በሰሜን ካሮላይና በደራም ከተማ ያለ አንድ የባቡር ድልድይ ከፍታው 3 ሜትር ከ55 ያህል ብቻ ስለነበር የስንቱን መኪና ጣሪያ ልጦ ታዋቂ ሆነ። በ2019 በ20 ሴንቲ ሜትር ከፍ ቢደረግም መጋጨቱ ጨርሶ አልቀረም። በኒውዮርክ አካባቢ «ፓርክዌይ» የሚባሉት መንገዶችም ድልድያቸው ዝቅተኛ ስለሆነ አውቶቡስ አያስገቡም። የተራ መኪና ዌዝ ይህን አይነግርም፤ የከባድ መኪና መንገድ መሪ ያስፈልጋል። ሲታጠፍ ደግሞ ጭራው ወደ ተቃራኒው ጎን ይወጣል። ስለዚህ ወደ ኋላ ሲኬድና በጠባብ ቦታ ሲዞር አንድ ሰው ወርዶ ሹፌሩ በሚያየው ቦታ ቆሞ ይምራ። ብዙ የብሔራዊ ፓርክ ማደሪያዎች ረጅም ቤት አያስተናግዱምና ቦታ ሲያዝ ርዝመቱ ይነገር።

አዛውንት ሲሳፈሩ

አውቶቡሱ ሲሄድ ቤት አይደለም፣ መኪና ነው። አልጋ ላይ መተኛት፣ ቡና ማፍላት፣ ቆሞ መሄድ የሚፈቀደው ሲቆም ነው። ሁሉም ሰው ቀበቶ ባለው ወንበር ይቀመጥ። በቤቱ ውስጥ ስድስት አልጋ አለ ማለት ስድስት ቀበቶ አለ ማለት አይደለም፤ ለየብቻ ይቆጠር።

ለረጅም ሰዓት መቀመጥ በእግር ውስጥ ደም እንዲረጋ ያደርጋል። በየሁለት ሰዓቱ ቆሞ ጥቂት መራመድ፣ ውኃ መጠጣትም ይገባል። «ሽንት ቤት እንዳላበዛ» ብለው ውኃ የሚተዉ እናቶችና አባቶች አሉ፤ እዚህ ግን ሽንት ቤቱ አብሮ ስላለ ውኃ መቀነስ ትርፉ ጉዳት ነው። የልብ ወይም የሳንባ ሕመም ያለበት ሰው መንገዱ በከፍተኛ ተራራ የሚያልፍ ከሆነ አስቀድሞ ሐኪሙን ይጠይቅ። በልጅነቱ የስሜን ደጋ ላይ ያደገ ሰው እንኳ ሠላሳ ዓመት በቆላ ከኖረ በኋላ ሳንባው ያን ከፍታ ይረሳል።

የስኳር ሕመምተኛ ኢንሱሊኑን ፀሐይ በሚመታው መስኮት ወይም በማቀዝቀዣው በረዶ ክፍል አያስቀምጥ፤ በረዶ የሆነ ኢንሱሊን አይሠራም። መድኃኒት ከጉዞው ቀን አብልጦ፣ በእጅ ሻንጣ ይያዛል። ከሐኪም በእንግሊዝኛ የተጻፈ የመድኃኒቶች ዝርዝር ይዘው ይሂዱ። ዝርዝሩ የንግድ ስሙን ብቻ ሳይሆን የመድኃኒቱን እውነተኛ ስም ይያዝ፤ የእስራኤል የንግድ ስም በአሜሪካ ፋርማሲ ላይታወቅ ይችላልና።

ከሁሉም በላይ የጉዞ ጤና ኢንሹራንስ አለ። ኩፓት ሆሊም በመደበኛው አገልግሎቱ በውጭ አገር የሚደረግ ሕክምናን አይከፍልም፤ የአሜሪካ ሆስፒታል ዋጋ ደግሞ አንድን ቤተሰብ ሊያራቁት ይችላል። ኢንሹራንሱ ሲገዛ ያለብዎትን በሽታ በሙሉ ይናገሩ፤ ነባር ሕመም ቢባባስ የሚሸፍነውን ተጨማሪ ክፍልም ይጠይቁ። ወጪ ለመቀነስ ተብሎ «ጤነኛ ነኝ» ማለት በኋላ ክፍያውን ያሳጣል። ስልክ ላይ የሚጠይቅዎትን ሰው ቋንቋ በደንብ ካልሰሙ ልጅዎ ወይም አስተርጓሚ አጠገብዎ ሳይኖር መልስ አይስጡ።

ከመፈረም በፊት የሚጠየቁ ጥያቄዎች

1. ኪራዩ በቀን ስንት ኪሎ ሜትር ይጨምራል? ከዚያ በላይ ለእያንዳንዱ ማይል ስንት ይከፈላል?
2. ጀነሬተሩ በሰዓት ይከፈልበታል?
3. የመያዣ ገንዘቡ ስንት ነው? ሲመለስ በስንት ቀን ይመለሳል?
4. አደጋ ቢደርስ ከራሳችን የምንከፍለው ድርሻ (ሂሽታትፉት አጽሚት) ስንት ነው? የጣሪያና የታችኛው አካል ጉዳት ይሸፈናል? ብዙ ውሎች እነዚህን ሁለቱን ያስቀራሉ።
5. ከግለሰብ የሚከራይ ከሆነ የእርሱ ኢንሹራንስ ኪራይን ይሸፍናል? ተራ የግል ኢንሹራንስ ብዙውን ጊዜ አይሸፍንም።
6. ውሉ ላይ ስማቸው የተጻፈ ሹፌሮች እነማን ናቸው? ስሙ የሌለ ሰው አይንዳ።
7. ቢበላሽ ማን ይጎትታል? እስኪጠገን ለማደሪያ ማን ይከፍላል?
8. ታንኮቹ ሳይደፉ ቢመለስ ቅጣቱ ስንት ነው?
9. ጉዞው በሕመም ቢቀር ስንት ይመለስልናል?

ቁልፉን ሲረከቡ ውጩንም ውስጡንም፣ ጣሪያውንም ጎማውንም በስልክ ቪዲዮ ይቅረጹ፤ ሲመልሱም እንዲሁ። የነበረን ጭረት በእርስዎ ላይ እንዳይጭኑ ማስረጃው ይህ ነው።

ውል ላይ መፈረም የልጆችን ፍቅር መግለጫ አይደለም። የሚፈርመው ሰው ዕዳውን የሚሸከመው ሰው ነው። ያልገባዎትን ውል «ልጄ ካለው እሺ» ብለው አይፈርሙ፤ «አንብበህ በአማርኛ አስረዳኝ» ማለት የወላጅ መብት ነው። ልጆችም ቢሆኑ ወላጆቻቸውን ከማሳፈራቸው በፊት ከላይ ያሉትን ዘጠኝ ጥያቄዎች ጠይቀው መልሱን በጽሑፍ ይያዙ። ቀኑ ከበቃ፣ ሹፌሩ ካረፈ፣ ኢንሹራንሱም ከተሟላ ሰፊውን አገር ከመስኮት እያዩ፣ ማታ በራስ አልጋ እየተኙ መጓዝ ለአያትም ለልጅ ልጅም ደስ የሚል ነገር ነው። መልካም መንገድ።